የመሶቡ የመጨረሻ ቀለም

እናቴ አምባ ጊዮርጊስ ናት፤ እኔ ጎንደር፣ ቁስቋም ተከራይቼ የኮምፒውተር ፕሮግራም እጽፋለሁ። ያን ጊዜ ዓይኗ ደክሞ ቀዩን ከጥቁሩ መለየት አቅቷት ነበር። ታናሽ እህቴ ልትዳር ነው፤ እናቴ ደግሞ «መሶቧን በእጄ ሳልሰፋ አልድራትም» ብላ ምላለች። ግትርነቷን ስለማውቅ አልተከራከርኋትም፤ እኔስ ከማን ወጣሁና!

መስፊያ ሣሩን፣ አክርማውን፣ በየቀለሙ ለይቼ፣ በእጇ ዳብሳ እንድታውቀው ለቀዩ አንድ ቋጠሮ፣ ለጥቁሩ ሁለት፣ ለነጩ ሦስት አበጀሁለት። ከዚያ የአሮጌ መሶቧን ጥለት ዙር በዙር ጻፍሁ፦ ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ጥቁር... ስልክ ይህን ሁሉ ቢለፈልፍባት ወርውራ ትሰብረዋለች። ስለዚህ ተከታትሎ የሚመጣውን አንድ ዓይነት ቀለም ቆጥሮ «ቀይ ሦስት፣ ጥቁር ሁለት» የሚል ትንሽ ፕሮግራም ሠራሁ። ስልኳ ላይ ጫንሁላትና በራሴ ኮርቼ ተመለስሁ።

በደወልሁ ቁጥር «ሸጋ ነው» ትለኛለች። በሳምንቱ ስሄድ ግን መሶቡ አንድ ጣት አላደገም። አንዱን ዙር ደጋግማ ፈትታው፣ አክርማው ተሰባብሮ እግሯ ሥር ወድቋል።

«ምነው እማዬ?»

«ዙሩ ሳይገጥም ስልኩ ‹አለቀ› ይለኛል። ሁልጊዜ አራት ስፌት ይጎድለኛል። ዓይኔ ብቻ መስሎኝ ነበር ልጄ፤ ለካ መቁጠሩም ጠፍቶብኛል።»

ፕሮግራሙን ከፍቼ አየሁት። ቆጥሮ የያዘውን የሚናገረው ሌላ ቀለም ሲመጣ ብቻ ነው። ከመጨረሻው ነጭ በኋላ ደግሞ የሚመጣ የለም፤ አራቱን ነጭ እንደያዘ ዝም ብሏል። ጀማሪ የሚሳሳተው ስህተት ነው፤ አንድ መስመር ጨምሬ አስተካከልሁት። እናቴ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ያልከዷትን ጣቶቿን ተጠራጥራ፣ ሳምንቱን ስትሰፋና ስትፈታ ከርማለች። አፈርሁ፤ እንባዬ መጣ።

«እማዬ፣ አንቺ ልክ ነበርሽ። አራቱን ነጭ የረሳሁት እኔ ነኝ።»

በረጅሙ ተነፈሰች፤ ፊቷ ሁሉ ፈካ።

«እሰይ! እንኳን የረሳሽው አንቺ ሆንሽ» አለችኝ።

ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ ወስፌዋን አንስታ፣ አራቱን ነጭ ራሷ ቆጥራ ሰፋች።