የወርቅውሃና የደረቀው ቀርከሃዋ

የወርቅውሃና እኔ ከወሎ የመጣነው በአንድ መኪና ነው፤ በሰባ ሰባት። እኔ መንገዱን ሙሉ ሳለቅስ እሷ ቆማ ጫካውን ታያለች። አሶሳ ስንቃረብ፣ «ይሄ ሁሉ ሸምበቆ ነው?» አለች። ቀርከሃ መሆኑን ኋላ ነው ያወቅነው። ባሏን ወባ ሲወስድባት ቀርከሃ መሰንጠቅ ተማረች፤ አልጋ ትሠራለች፣ ወንበር፣ የዶሮ ቤት። በአምባችን እሷ በሠራችው አልጋ ያልተኛ ልጅ የለም። ጓሮዋን የሞላውን ቀርከሃ እንደ ልጇ ነበር የምታየው።

ዘንድሮ ከገና በኋላ ያ ቀርከሃ በሙሉ አበበ። በአርባ ዓመት አይተነው አናውቅም። ደስ ብሎን ሳንጨርስ፣ ለፋሲካ ድርቅ አለ።

ሰራዊት የሚባል ወጣት የግብርና ባለሙያ መጣ። ዞሮ አየና ወረቀቱ ላይ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ጻፈ። ተመንጥሮ ባሕር ዛፍ ይተከልበት አለ።

«ምን ብለህ ነው የጻፍክብኝ?» አለችው የወርቅውሃ።

«ዲኬይ ነው፣ እማማ። መበስበስ ማለት ነው። ጥርስ ሲበላም ይባላል፣ ቤት ሲያረጅም፣ የሰው ጉልበት ሲያልቅም…» ሁለታችንን አየና አፈረ። «መነሻው ላቲን የሚባል የጥንት ቋንቋ ነው፤ ከነበሩበት መውደቅ ማለት ነው።»

«ታዲያ ዘሩ ካልወደቀ በምን ይበቅላል? ሰማይ ላይ? አልነቅልም!»

ይህን የነገሯት ጎረቤታችን አባ ሚፍታህ ናቸው። የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው ሲያብብ አይተዋል። «አንቺ አይነካም» አሏት በሰባራ አማርኛቸው። «ዘሩ መሬት ገባ። ፍየል ብቻ ከልክል።»

ሰው ሳቀባት። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሬሳ ትጠብቂያለሽ?» አልኳት።

«ያንቺንም እጠብቅልሻለሁ፣ ዝም በይ!»

ቀበሌው የላካቸው መንጣሪዎች ገጀራ ይዘው የመጡ ዕለት ወንበሯን የጓሮው በር ላይ አውጥታ ተቀመጠች። «መጀመሪያ እኔን ንቀሉ።» የሰፈር ልጆች ናቸው፤ በእሷ አልጋ ያደጉ። እርስ በርስ ተያዩና ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ዝናቡን ችላ፣ ዱላዋን ይዛ ፍየል ስታባርር ከረመች። ሁለት ጊዜ አንሸራቷት ወድቃለች፤ ሁለቴም ያነሳኋት እኔ ነኝ። ሐምሌ ላይ ጠርታ አሳየችኝ፤ በደረቀው ግንድ ሥር መሬቱ እንደ ጤፍ ቡቃያ አረንጓዴ ለብሷል።

ሰራዊት ወሬውን ሰምቶ እየሮጠ መጣ።

«ቁም! ጫማህን አውልቅ፣ ትረግጥብኛለህ።»

አወለቀ። በባዶ እግሩ ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብሎ ብዙ ቆየ።

«በል ወረቀትህን አውጣ» አለችው። «ያችን ቃልህን አትሰርዛት። ከሥሯ፣ በቀለ ብለህ ጻፍ። በአማርኛ።»