ባለ አንድ ዓይኖቹ

እሁድ ነበር። ሚስቴ "አንድ ቀን እንኳ ቤታችን ብንውል ምን አለበት?" እያለች ስታጉረመርም እሷንም ልጆቹንም ሰብስቤ ከሰፈራችን ከሳውዝ ሲ፣ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ መሃል ከተማ ወረድን። አንድ አዳራሽ ውስጥ የአገራችን የጦርነት ሥዕል ለእይታ ቀርቧል ተብሎ ነው። ልጆቼ እዚሁ ናይሮቢ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ስለ አገራቸው የሚያውቁት የምግብ ቤታችን ሜኑ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ይሄ ነገር ያናድደኛል።

ሥዕሉ አዳራሹን ዙሪያውን ከቦታል፤ ሰው መሃል ቆሞ እየዞረ ነው የሚያየው። የድሮው የጣሊያን ጦርነት ነው፣ አያቴ እንኳ ያልደረሰበት። ፈረሱ፣ ጎራዴው፣ ጭሱ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ እጄን ይዛ "አባዬ፣ የእኛ የትኞቹ ናቸው?" አለችኝ።

ደስ አለኝ፣ ጠየቀችኝ ብዬ። "በእኛ አገር አሣሣል ጥሩ ሰው ፊቱ ሙሉ ነው፣ ሁለት ዓይን አለው። ጠላት ግን በጎን ስለሚሳል አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው" አልኳት። አፌ አያርፍም እኮ! ልጅቱ ግድግዳውን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ።

ግራ ዓይኔ የለም። በወጣትነቴ፣ ከመሰደዴ በፊት ወታደር ነበርኩ፤ ሰሜን፣ ከገዛ ወገኔ ጋር ስንጨራረስ ነው ያጣሁት። ለልጆቼ "አደጋ ነው" ከማለት ሌላ ተንፍሼ አላውቅም። ምን ልበላቸው? የተኮስኩበት ልጅ በወደቀበት እናቱን ሲጣራ ሰምቻለሁ ልበላቸው?

"ሶ፣ አባዬ፣ አንተ ኢነሚ ነህ?" አለች። ታላቅ ወንድሟ ሳቀ።

"እኔንማ ጠላት ነው የመታኝ" አልኩ ቶሎ ብዬ።

"ማን? ጣሊያን?"

"አዎ።"

ሚስቴ ዞር ብላ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ልጅቱ ግን ኩራት አላስቀምጥ አላትና "አባቴን ጣሊያን ነው የመታው!" እያለች ላገኘችው ሁሉ ማውራት ጀመረች። በር አጠገብ የነበሩ ወጣት ያገሬ ልጆች ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ፊቴ ጋለ። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

አንድ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰውዬ ክራንቹን ተደግፎ ሥዕሉን ያይ ነበር። አልሳቀም። ቀስ እያለ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የት ነው የተመታኸው?" አለኝ። አማርኛው የትግርኛ ቅላጼ አለው። በየትኛው በኩል እንደተዋጋ ገባኝ፤ የእኔም ለእሱ ገብቶታል። መዋሸቱን አንዴ ጀምሬዋለሁ፣ እሱን ግን መዋሸት አልቻልኩም። የተራራውን ስም ነገርኩት።

ክራንቹ ላይ ደገፍ አለ። "እዚያው ነበርኩ፣ ከላይ በኩል" አለ። ከላይ የነበሩት እነሱ ናቸው፣ እኛ ከታች።

ልጄ መሃላችን ገባችና ክራንቹን እያየች "አንተንስ ማን መታህ?" አለችው። እናቷ ከኋላዋ "እርስዎ በይ!" ብላ ቆነጠጠቻት።

ሰውዬው መጀመሪያ እኔን አየኝ። እውነቱን ቢናገር ማንም አይፈርድበትም ነበር። ከዚያ ወደ ልጄ ጎንበስ አለ።

"እኔንም ጣሊያን ነው" አላት። "ከአባትሽ ጋር አብረን ነበርን።"

ልጄ እጁን ይዛ ሳመችው። እኔ ቀና ብዬ ፊቱን ማየት አቃተኝ፤ ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ልጆቼን ይዤ ወጣሁ።