ያልታጠበው ጣት

ታላቅ ወንድሜ ዳንግላ ላይ ኬሚስትሪ ሲያስተምሩ ኖረው በጡረታቸው ዘመን ስኳር በሽታ ያዛቸው። የደም ስኳራቸውን በመሣሪያ ከመለካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡና እስኪደርቅ ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር።

«አያ፣ ሊቀድሱ ነው እንዴ?» እላቸዋለሁ።

«ሳቂ እቴ! ደሙን በምናስነካት በዚች ቁራጭ ላይ ኢንዛይም አለ። ከስኳር ኤሌክትሮን ይቀበላል፤ መሣሪያው የሚለካው ከዚያ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ነው። ስኳሩ ከደም ይምጣ ከጣት፣ ኢንዛይሙ አይለይም።»

አንድ ኅዳር ከቀፎ የተቆረጠ ማር ሲያጣሩ ውለው ደከማቸውና ጋደም አሉ። ስኳራቸው ከፍ ያለ መስሎኝ መሣሪያውን አመጣሁ።

«መጀመሪያ አስታጥቢኝ» አሉ።

«ዛሬስ ይቅርብዎ፣ በጨርቅ ጠርጌልዎታለሁ» አልኳቸው።

ለመከራከር አቅም አልነበራቸውም፤ ጣታቸውን ሰጡኝ።

ቁጥሩ በጣም ከፍ ብሎ ወጣ። እሳቸው ባስተማሩኝ መሠረት የሚወስዱትን ኢንሱሊን ጨምሬ ወጋኋቸው። ጥቂት ቆይቶ አላባቸው፤ ከዚያ መናገር አቃታቸው። በባጃጅ ሆስፒታል ስናደርሳቸው ስኳራቸው ከመጠን በላይ ወርዶ ነበር። አልተረፉም። ነገሩ የገባኝ ሐኪሙ «ሳይለኩ በፊት በእጃቸው ምን ነክተው ነበር?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነው።

ይቀመጡበት በነበረው በረንዳ ላይ አሁን ማንም አይቀመጥም።

በተዝካራቸው ዕለት ልጆቻቸው «አክስታችን እስከ መጨረሻው አስታማቸዋለች» ብለው በሰው ፊት አመሰገኑኝ። አንገቴን ደፍቼ ምስጋናውን ተቀበልኩ። ይህን የጻፍኩት ልጆቹ እውነቱን እንዲያውቁት ነው። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ግን እሳቸው ብቻ ነበሩ።