ሀገር ስጪኝ ያልኩ ቀን

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ላይ በረዶ ጣለ። ሽምብራ ሽምብራ የሚያህል፣ የታክሲውን ጣሪያ እንደ ከበሮ የሚደልቅ፣ ሰዉን ሁሉ እያስጮኸ በረንዳ ስር የሚሰበስብ በረዶ። እኔም በጎረቤታችን የፖስታ ሳጥን ቁጥር የመጣልኝን ደብዳቤ እንዳይርስብኝ ሹራቤ ውስጥ ወሽቄ ከወርቅ ቤቶቹ በአንዱ በረንዳ ስር ቆምኩ። አንዲት የበረዶ ፍሬ ነጥራ ጫማዬ ላይ አረፈች። ማንም ሳያየኝ ጎንበስ አልኩና አንስቼ አፌ ውስጥ ጣልኳት።

ማንም ሳያየኝ ያልኩት እኔ ነኝ እንጂ አጠገቤ የቆሙት ሴትዮ አይተውኛል። «ኧረ ልጄ! እንጥልሽ ይወርዳል!» አሉኝ።

ሳቄ መጣ። ይህችኑ ቃል ከአምስት ዓመት በፊት፣ በዚሁ በሐምሌ ወር፣ እማዬ ለሦስት ሰው ባንዴ ስትናገራት ሰምቻለሁ። ከሦስታችን ሁለቱ ዛሬ እዚህ የሉም።

ትዝታ የአሮጊት ሥራ ነው ትላለች እማዬ። እኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅሁ ነው። ግን አምስት ዓመት የዕድሜዬ ሩብ ያህል ነው። ለሩብ ዕድሜዬ ትዝታ ቢኖረኝ ማን ይቆጣኛል?

ያን ክረምት አስራ አራት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወረድ፣ አስፋልቱን ለቆ ወደ ውስጥ በሚታጠፈው ቅያስ ውስጥ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ደጁ ላይ አንዲት የሎሚ ዛፍ። አባዬ ካረፈ ወዲህ እማዬ ሹራብ እየሠራች ነው ያሳደገችኝ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ እህቴ እትዬ ዘውዴ ናት፣ የመጨረሻዋ እኔ፤ በመካከላችን አስራ ስድስት ዓመት አለ። እሷ አስመራ የሚያስተምር የአስመራ ልጅ አግብታ ስትሄድ እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ስለዚህ አስራ አራት ሳይሞላኝ የሁለት ልጆች አክስት ሆኛለሁ ብዬ ስናገር የክፍሌ ልጆች «እንግዲያው እትዬ እንበልሽ?» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

በዚያ ሐምሌ እትዬ ዘውዴ ልጆቿን ይዛ በአውሮፕላን መጣች። ሳባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቀጥ ያለች፣ ዐይኗን ሳትሰብር የምታይ ልጅ። ዮናስ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እህቱ ያለችውን እየደገመ ይኖራል። በመጡ ማግስት እትዬ ዘውዴ ወደ ማድ ቤት ወሰደችኝና በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

«ሂሩትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ለባለቤቴ እዚህ ዝውውር እየጠየቅኩለት ነው። እሱ ግን እናቱን ትቶ ከአስመራ መውጣቱን አልወደደውም። ልጆቹ አዲስ አበባን ከወደዷት የነሱን ነገር እምቢ አይልም። አስወድጂልኝ።»

«በምን አስወድዳቸዋለሁ?»

«አንቺ የአራዳ ልጅ አይደለሽ? እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

እንዲህ ያለ ሹመት ተሰጥቶኝ አያውቅም። ከተሳካልኝ እኮ አራቱም እዚህ ሊኖሩ ነው! ሳባ እኔ ትምህርት ቤት ልትገባ፣ ደብተሯን ላለብስላት፣ ጠዋት ጠዋት ዳገቱን እጅ ለእጅ ተያይዘን ልንወጣው ነው። ከእትዬ ዘውዴ ይልቅ እኔ ጓጓሁ።

መጀመሪያ ፒያሳን አዞርኳቸው። የኬክ ቤቶቹን መስታወት አሳየኋቸው፤ ሳባ አየት አደረገችና «እኛ ጋ አለ» አለች። ሲኒማ ቤቱን አሳየኋት፤ «እኛ ጋ አለ።» ሥላሴ ድረስ ወሰድኳቸው፤ ግቢው ውስጥ ቆመን ደወሉ ሲደወል «እሱም እኛ ጋ አለ» አለች። ስንመለስ ዳገቱ ላይ ዮናስ ቁጢጥ አለና «እኛ ጋ ሜዳ ነው፣ እግር አያምም» ሲል እህቱን አገዘ። የሰፈራችን ልጆች ለስም ማውጣት ማን ብሏቸው! በሦስተኛው ቀን ሳባ ብቅ ስትል «እኛጋ መጣች! እኛጋን አስገቧት!» እያሉ ሱዚ የሚያዘልሏት ሆኑ። እሷም አልተቀየመችም። እንደውም በሱዚ ሁሉንም አሸነፈቻቸውና «ይሄም እኛ ጋ አለ» አለቻቸው።

በእግር ካልሆነ በአፍ ይሁን አልኩ። ስኳር በቀበሌ ካርድ ነበር የምናገኘው፤ እማዬ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀምጣ በዐይኗ ትጠብቀዋለች። ለምኜ ለምኜ ትንሽ አወጣሁ። በሶ በቅቤና በስኳር አሽቼ ጭብጦውን በግ፣ ጎሽ፣ ዝሆን አድርጌ ሠራሁት። ዮናስ የዝሆኑን ጆሮ በላና የቀረውን «ያሳዝናል» ብሎ ኪሱ ከተተው፤ ኪሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ዳቦ ቆሎ በብይ መጠን ቆራርጬ ቆላሁና እየተጫወትን በላነው። ስኳር አቅልጬ ዘይት የተቀባ ክዳን ላይ አፍስሼ ከረሜላ ሠራሁ፤ ጠርዙ አረረብኝ እንጂ መልኩ እንደ ማር ነበር። ሳባ ከወዲህ ጉንጯ ወደ ወዲያ ጉንጯ እያዟዟረች ቆየችና ፍርዷን ሰጠች።

«ጥሩ ነው። ግን አስመራ ጀላቲ አለ። አንቺ ጀላቲ የለሽም።»

«በክረምት ማን ጀላቲ ይልሳል?»

«አራዳ ነኝ ትያለሽ፣ ጀላቲ የለሽም!» አለችና ምላሷን አወጣችብኝ። ዮናስም አወጣ።

ከሁለት ቀን በኋላ ነው ያ በረዶ የወረደው። እትዬ ዘውዴ እንደ ልማዷ ለዝውውሩ ጉዳይ ወጥታለች። ከምሳ በኋላ ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረና ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የተገለበጠ መሰለ። ዮናስ አልጋ ስር ገባ። እኔ ግን በሩን ከፍቼ ደጁ ነጭ ሲሆን እያየሁ ነበር፤ ዐይኔ ከበረዶው ወደ ሎሚው ዛፍ፣ ከሎሚው ዛፍ ወደ ቁም ሳጥኑ አናት ሄደ።

«ሳባ! ሳፋውን አምጪ!»

በረዶው ጋብ ሲል ሦስታችንም ወጣን። ከአሸንዳው ስር የተከመረውን፣ ንጹሑን ከላይ ከላይ በጭልፋ እየዛቅን ሳፋው ውስጥ ጨመርን። ጣታችን ቀላ፤ ዮናስ ከአልጋው ስር የወጣው በጀግንነት ሳይሆን እንዳይቀርበት ነው። ስኳሩን በትንሽ ውሃ ከሰል ላይ አቀለጥኩ፣ አቀዘቀዝኩት፣ ሦስት ሎሚ ጨመቅኩበት። በረዶውን በሲኒ በሲኒ ሞልቼ ከላይ አፈሰስኩበት።

«እንጥላችሁ ይወርዳል!» አለች እማዬ ሹራቧን ሳታስቀምጥ። «ሦስታችሁንም ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ልዞር ነው!»

ማን ይሰማታል? በማንኪያ ሲነካ ክርችም ክርችም ይላል፤ መጀመሪያ ጥርስን ያደነዝዛል፣ ከዚያ ጎምዛዛው ይመጣል፣ ጣፋጩ ከኋላ ይደርሳል። ሳባ አንድ ሲኒ ጨረሰች፣ ሁለተኛ ጨረሰች። ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ ቀና ብላ አየችኝ።

«በረዶ እኛ ጋ አለ» አለች። ትንሽ አሰበች። «እንዲህ ያለው ግን እኛ ጋ የለም።»

የለም! ያን ቃል ስሰማ ኮርቼ ጣሪያውን በራሴ የምነካ መሰለኝ። ጉዳዩ አለቀ አልኩ፤ መጡልኝ አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ!

ዝናቡ እንደገና ጣለ፤ ቤቱ ከመጨለሙ የተነሳ ከሰዓት በኋላ አልመስል አለ። «እንቆቅልሽ እንጫወት!» አልኩ። እማዬ «እንቆቅልሽ በቀን አይወራም፣ ደግ አይደለም» ብላ አጉረመረመች። ጨልሟል እኮ ብዬ ዝም አሰኘኋት። ሕጉን የማያውቅ የለም። የተጠየቀው ካቃተው ሀገር ይሰጣል፤ ጠያቂው ሀገሩ ደስ ካላለው አልፈልግም እያለ ያማርጣል፤ ደስ ያለው ጊዜ «ገብቼ» ብሎ ይጀምርና ተሸናፊውን እየዘለፈ መልሱን ይናገራል።

«እንቆቅልሽ?» አልኩ።

«ምን አውቅልሽ!» አሉ ሁለቱም።

«ሁለት ዘንጎች ሲጣሉ ይውላሉ፣ ከጠባቸው ልብስ ይወልዳሉ።»

ሳባ ጣሪያውን አየች፣ ዮናስን አየች። እማዬ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብላ የሹራብ መሥሪያዎቿን ሆን ብላ ቀጭ ቀጭ ታደርጋቸዋለች። ሳባ ግን አላየቻትም።

«አላወቅኩትም።»

«ሀገር ስጪኝ!»

«ጎንደርን እንቺ።»

«ጎንደር ዘመድ የለኝም፣ አልፈልግም።»

«ሐረርን።»

«ሐረር ይሞቀኛል።»

«ጅማን እንቺ በቃ።»

ጅማን መቀበል ይገባኝ ነበር። አሁንም ሌሊትም ቀንም እሱን ነው የማስበው፤ ጅማ ምን ጎደላት? ያን ጊዜ ግን የድል ስካር ላይ ነበርኩ። የመጨረሻዋን «እኛ ጋ» ከእጇ መቀማት አማረኝ።

«አስመራን ስጪኝ» አልኩ።

ሳባ ማንኪያዋን ሲኒው ውስጥ አስቀመጠች።

«አስመራን አልሰጥም።»

«ጨዋታ እኮ ነው፣ ሳብዬ።»

«አልሰጥም። አዲስ አበባን ውሰጂ።»

«አዲስ አበባማ የኔ ናት! የራሴን እንዴት ትሰጪኛለሽ?»

«እኔስ የራሴን ለምን እሰጥሻለሁ?»

ከዚያ ዮናስ ማልቀስ ጀመረ። እንደ ሌላ ጊዜው እህቱን ተከትሎ አልነበረም፤ ይህን ያወጣው ከራሱ ነው። «አባዬ እዛ ነው» አለ እየተንሰቀሰቀ። «እሷ አስመራን ከወሰደችው አባዬ የት ያድራል?»

እማዬ ሹራቧን ጣለች። እኔ «ውሸቴን ነው፣ ዮኒዬ፣ መልሼዋለሁ፣ ውሰደው፣ ያው አስመራህ» እያልኩ እጄን ዘረጋሁለት፤ ባዶ እጄን ዐይቶ ይበልጥ አለቀሰ። ቀና ስል እትዬ ዘውዴ በሩ ላይ ቆማለች። ከጸጉሯ ውሃ ይንጠባጠባል፤ በላስቲክ የጠቀለለችውን ፖስታ ደረቷ ላይ ይዛለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም።

ፖስታው ውስጥ የነበረው የምስራች ነው። ቦታ ተገኝቷል፤ የቀረው የባሏ ፊርማ ብቻ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ዮናስን አቀፈችው። ከዚያ ለእማዬ ብቻ የምትናገር ያህል በዝግታ፣

«በጨዋታ እንኳ አልሰጡም እኮ፣ እማዬ» አለች። «እኔ በእውነት ልወስድባቸው ነው?»

የሲኒዎቹ በረዶ ቀልጦ ሎሚ ውሃ ሆነ። ያን ውሃ የጠጣው የለም።

ወረቀቱ ሳይፈረም ቀረ። ማንም እኔን አልወቀሰኝም፤ እትዬ ዘውዴ እንዲያውም ግንባሬን ስማ «አንቺ የተላክሽውን አድርሰሻል» አለችኝ። እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ። ጳጉሜ ላይ ሊሄዱ ድልድዩ አጠገብ ታክሲ ስንጠብቅ ሳባ ሹራቤን ጎተት አደረገችው።

«አክስቴ» አለችኝ። ያን ክረምት ሙሉ ሂሩት ስትለኝ ከርማ ለመጀመሪያ ጊዜ አክስቴ አለችኝ። «በረዶ በጣለ ቁጥር ጻፊልኝ፣ እሺ?»

መጻፍ የጀመርኩት እንደዚያ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ሁለት መስመር ነበር፤ «ዛሬ ጣለ። ሎሚውም አለ።» ቀስ በቀስ አንድ ገጽ ሆነ፣ አራት ገጽ ሆነ። አሁን የሰፈሩን ወሬ፣ የሎሚውን ዛፍ አበባ፣ የእማዬን ቁጣ ሳይቀር እጽፋለሁ፤ ብዕሬን ሳነሳ እጄ አይፈራም። መልሶቹ ግን እየራቁ መጡ። በጦርነቱ ምክንያት አስመራ በመኪና መድረስ ቀርቷል፤ ደብዳቤም እንደ ዕድሉ ነው። እትዬ ዘውዴን ካየናት ሁለት ዓመት አልፏል። እማዬ ለዮናስ የጀመረችውን ሹራብ ቁመቱን ስለማታውቅ ሦስት ጊዜ ፈታ ሠርታዋለች።

የዛሬው ደብዳቤ ካለፈው መልሷ ስምንት ወር ቆይቶ የመጣ ነው። በረንዳው ስር፣ በበረዶው ጩኸት መሃል ከፈትኩት። የሳባ ጽሕፈት ጎልምሷል፤ እሷም አስራ አራት ሞላት፣ የያኔው እኔ። ደህና ነን ትላለች፤ አባቷም አያቷም ደህና ናቸው፣ ዮናስ በቁመት ከእሷ ሊበልጥ ምንም አልቀረውም። ከሰላምታው በታች እንዲህ ጽፋለች፦

«አክስቴ፣ እንቆቅልሽ? ሲመጣ ሰው ያባርራል፣ ሲያዝ ያለቅሳል፣ ሎሚ ሲነካው ይጣፍጣል። ካላወቅሽው ሀገር ትሰጪኛለሽ። እንዳንቺ ስግብግብ አይደለሁም፣ የሰጠሽኝን እቀበላለሁ።»

አወቅኩት። እንዴት አላውቀው፣ አሁን ያነሳሁት የበረዶ ፍሬ መዳፌ ላይ እያለቀሰ ነበር! ሴትዮዋ አሁንም በጎን ያዩኛል፤ እኔም ለእሳቸው ብዬ አላቆምኩም፣ ያንኑ ፍሬ አፌ ውስጥ ጨመርኩት።

ነገ በአየር ደብዳቤ መልሱን እልካለሁ፦ «ሳብዬ፣ ብዙ አሰብኩ፣ አላወቅኩትም። ተሸንፌያለሁ። ያን ቀን የራሴ ናት ብዬ የከለከልኩሽን አዲስ አበባን እንቺ፤ ፒያሳን ከነዳገቷ፣ ሎሚውን ከነዛፉ። ሕጉን ታውቂያለሽ፤ ሀገር የተሰጠው ሰው የሚቀጥለው ቃሉ ‹ገብቼ› ነው። እስቲ በይ።»