አጎቴና ነጩ ጨርቅ

አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ንጹሕ ነው የተባለ ነገር አያምኑም ነበር። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፌራይን ከሚሉት የተኩስ ክበባቸው ሲመለሱ፣ ከቃታው ሥር ባለ እጀታ ጥይት የሚጎርሰውን አሮጌ ጠመንጃቸውን ጀርመን አገር፣ ቦርንሃይም ባለው ኩሽናችን በፈላ ውሃና በሳሙና ያጥቡታል። የጥቁር ባሩድ ጥቀርሻ ካደረ ብረት ይበላል። ከዚያ ነጭ ጨርቅ በዘንግ አድርገው በአፈሙዙ ይሰዳሉ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ቢወጣም ፊታቸው አይፈታም።

«አሁንማ ነጭ ነው» ይሉኛል እያገላበጡ። «ጠዋት እናየዋለን።»

ጠዋት ትንሽ ዝገት ካገኙበት፣ «አላልኩሽም?» ብለው ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏቸው ይውላሉ።

ካረፉ በኋላ የፌራይን ጓደኞቻቸው ለመታሰቢያቸው በዚያው ጠመንጃ ተኮሱ። ጠመንጃውን የሚረከቡት ሽማግሌ ጀርመናዊ እዚያው እኛ ኩሽና አጠቡት። ነጩን ጨርቅ አሳይተውኝ ጠመንጃውን ወደ ሣጥኑ ሊያስገቡት ሲሉ እጄን ጣል አደረግኩበት።

«ጠዋት እናየዋለን» አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝና ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ ትተውት ሄዱ።

ጠዋት ጨርቁን ብቻዬን ሰደድኩት። ነጭ ሆኖ ወጣ። መስኮቱ ጋ ወስጄ አገላበጥኩት። ቤቱ ውስጥ የሚጠራጠር ሰው ስላልነበረ፣ እኔው ተጠራጠርኩላቸው።