ለእጄ ያልተመቸው ሽጉጥ

ሲወስዱኝ ለአራተኛ ክፍል ልጆች ማካፈል እያስተማርኩ ነበር። ከማስተምርበት ከጉኑኖ መኪና ውስጥ አስገብተው ሶዶ እስር ቤት አወረዱኝ። የሴቶች ክፍል የተባለው ቤት መስኮት የለውም። ጠዋት ጠዋት በቆርቆሮው ቀዳዳ የምትገባ ብርሃን ግድግዳው ላይ ትቆይና ትጠፋለች። ዘጠኝ ሴቶች ነበርን፤ አንዷ እግሯን ስትዘረጋ ሌላዋ ታጥፋለች።

ጥፋቴ አዲሱ መማሪያ መጽሐፍ የተጻፈበትን ቋንቋ ስብሰባ ላይ ተቃውሜ መናገሬ ነበር። የተጠየቅኩበት ግን ሌላ ነው። በዚያው ሳምንት አንድ ሰው የወረዳውን ጽሕፈት ቤት መስኮት በጥይት መትቶ ነበር፤ የተጎዳ የለም። መርማሪው ሽጉጡ ከጓሮዬ ተገኘ አለኝ። ቃሌንም ራሱ ጽፎ ቆየኝና አነበበልኝ፦ «ይህን ሽጉጥ ለእጄ ስለሚመቸኝ መርጬ ስለማመድበት ቆይቻለሁ።»

«እስከ ነገ አስቢበት» አለና መለሰኝ።

አጠገቤ የምትተኛው ሴትዮ በድሮው ጦር የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበረች። በመሬት ክርክር ነው የታሰረችው። እኛ እትዬ እንላታለን፣ እሷ ቲቸር ትለኛለች።

«ሽጉጡን አየሽው?» አለችኝ።

«ጠረጴዛው ላይ ነበር።»

«እጀታው ወፍራም ነው ቀጭን?»

«ወፍራም መሰለኝ።»

ከፌስታሏ ያልተነካ የልብስ ሳሙና አውጥታ አስጨበጠችኝ። ጣቶቼ አልገጠሙም።

«ካዝናው ጥይቱን በሁለት ረድፍ የሚይዝ ከሆነ እጀታው እንዲህ ይወፍራል። ትልቅ እጅ ላለው ጥሩ ነው፤ መዳፉን ስለሚሞላው ሲተኩስ አይዘልበትም። አንቺ ግን ምላጩ ይርቅሻል። ልድረስበት ብለሽ እጅሽን ካዞርሽ ደግሞ ምቱ የአውራ ጣትሽ አጥንት ላይ ያርፋል።»

ከቀሚሷ ጫፍ ክር መዝዛ ሳሙናውን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀችውና ግማሹን ሰጠችኝ። «በአንድ ረድፍ የሚይዘው ይኼን ያህላል። የሚይዘው ጥይት ጥቂት ነው፣ ግን ይጨበጣል።»

ከዚያ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። «ቲቸር፣ ካዝና የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። ማን አስተማረሽ ይሉሻል። እጅሽን ብቻ አሳዪያቸው።»

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ገፋ አደረገልኝ።

«ጌታዬ፣ ከመፈረሜ በፊት ልያዘው» አልኩት።

ባዶ መሆኑን አይቶ ሰጠኝ። ጨበጥኩት። አመልካች ጣቴ ምላጩ ጋ ሳይደርስ ቀረ። እጄን እንደዚያው ይዤ አሳየሁት።

ጣቴን ተመለከተ። «ታዲያ የሚመችሽ የትኛው ነው?»

«አላውቅም። ሌላ ይዤ አላውቅም።»

ፈገግ አለ። ከወገቡ የራሱን ሽጉጥ መዘዘ፣ ጥይቱን አራገፈ፣ የመጀመሪያውን ተቀብሎ የራሱን መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ቀጭን ነበር፣ ከገላው ሙቀት ገና አልበረደም። ጣቴ ሳልፈልግ ምላጩ ላይ አረፈ።

«እንግዲህ ይኼ ነበር ብለን እንጽፋለና» አለ። ተቆጥቶ አልነበረም። የተሳሳተ ቁጥር እንደሚያርም ሰው ነበር የተናገረው።

ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወረቀቱን ገለበጥኩና በጀርባው ላይ፣ ለተማሪ ሰሌዳ ላይ እንደምጽፈው ፊደሉን እየለየሁ ጻፍኩ፦ «ሁለት ሽጉጥ አስይዘውኛል። አንዱ ወፍሮብኛል። ሁለተኛው ከመርማሪው ወገብ የወጣ ነው። ሁለቱንም ዛሬ ገና ያዝኩ።» ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

አነበበው። በአራት አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሳምንት መጻፍ አልፈልግም።

እትዬን ወደ ሌላ እስር ቤት ወሰዷት፤ ወዴት እንደሆነ የነገረን የለም። እኔ ከሰባት ወር በኋላ፣ ፍርድ ቤት ሳልቀርብ፣ «ሂጂ» ተባልኩ። ወደ ማስተማሩ ተመለስኩ፣ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ ወረቀቱ ልጆቼ ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ፤ ደስ ይላቸዋል። አንድ ነገር ግን ነግሬያቸው አላውቅም። የዚያን ሳምንት ድብደባ እየረሳሁት ነው። ያ ቀጭን ሽጉጥ ለእጄ ልክ መሆኑ ነው እስከ ዛሬ የሚያስጨንቀኝ።