በጠፍር የታሰረው ምንሽር

ትናንት ያመጣችሁት አልጋ ጠፍሩ ገና እርጥብ ነው፤ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። ልጄ፣ እኔ ግን በዚህ ሽታ የሚታየኝ አልጋ አይደለም፤ የአጎቴ ምንሽር ነው።

አባቴ ከሞተ ወዲህ የእናቴ ወንድም ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። በፎገራ ያኔ ከብት ያለው ቤት ያለ ጠመንጃ አያድርም። እሳቸውም ሰደፉን በጠፍር ያሰሩትን ምንሽር ቅዳሴ ካልሄዱ በቀር ከትከሻቸው አያወርዱም ነበር። ሠርጌ ለመጪው ጥር ተቀጥሮ ሳለ፣ ለእኔ የተቀመጠው የወርቅ ጉትቻ ከሣጥኑ ጠፋ። እናቴ አለቀሰች። ማንን እንደምንጠረጥር አናውቅም ነበር፤ እኔም አንድ ፊልም እስካይ ድረስ።

ፊልሙን ወደ ወረታ ከተማ ያመጣው አንድ የጭነት መኪና ነው። በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የእህል መጋዘኑን በር ዘግተው ግድግዳው ላይ አቡጀዲ ሰቀሉ። በብርሃኑ ጨረር ውስጥ የኑግ አቧራ ይበን ነበር። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ወርቅና ጠመንጃ ግን አስተርጓሚ አይሻም። ወርቅ የሰረቁ ሰዎች በፈረስ እየሸሹ ይተኩሱ ነበር። አጎቴ፣ ይህን ሁሉ ሲተኩሱ አንዴ እንኳ ጥይት አላጎረሱም ብለው ሲያጉረመርሙ አጠገባችን ያሉት ሳቁ። ኋላ ግን አንዱ ሌባ የጠመንጃውን ሰደፍ ፈልፍሎ ወርቁን ከውስጡ ደበቀና በቆዳ ጠቀለለው። ዞር ብዬ አጎቴን አየኋቸው። እጃቸው ጠፍሩ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሲያስሉ እንኳ የሚደብቁት ነገር ያለ መሰለኝ። ሰው ምንሽሩን ሊነካ ሲል ይቆጡ እንደነበር ትዝ አለኝ። ጠፍሩስ የታሰረው ጉትቻው ከመጥፋቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ማስታወስ አቃተኝ፤ ዛሬም አላስታውስም።

እሑድ ምንሽሩን ምሰሶው ላይ ሰቅለው ቅዳሴ ሲሄዱ፣ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ጠፍሩን በውሃ አርሼ ፈታሁት። ወርቅ የለም። ሰደፉ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ከስንጥቁም አንዲት የተሰበረች ቀጭን ብረት ወደቀች። ብረቷን አንስቼ ቀና ስል አጎቴ ከቅዳሴ ተመልሰው በሩ ላይ ቆመዋል።

አልተቆጡም። ብረቷ ጥይቱን የምትመታው መርፌ እንደሆነች፣ ከተሰበረች ሦስት ክረምት እንዳለፋት፣ ምንሽሩም ከዚያ ወዲህ ተኩሶ እንደማያውቅ በቀስታ ነገሩኝ። ከዚያ፣ «ጉትቻውን ነው የፈለግሽው?» አሉ።

ጠፍሩን መልሼ ሰደፉ ላይ መጠምጠም ጀመርኩ።

በሳምንቱ አጎቴ «ዘመዶቼ ጋ ልሰንብት» ብለው ወደ ቁሐር ሚካኤል መንደር ሄዱ። ምንሽሩን ትተውልን ነበር።

ክረምቱ አልፎ ሜዳውን የሸፈነው ውሃ ሲጎድል፣ እርጥበት ያፈረሰውን የእህል ጎታ ስናነሳ ጉትቻው ከጭቃው ውስጥ ተገኘ። ከሌባ ለማሸሽ እናቴ ራሷ ናት እዚያ የመረገችው። አእምሮዋ እየከዳት ያደረገችውን መርሳት እንደጀመረች ያኔ ነው የገባን።

በማግስቱ ጉትቻውን አድርጌ ቁሐር ሚካኤል ሄድኩና እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሱኝ። ይመለሱ ብዬ ብለምናቸው በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጉትቻው ያምርብሻል ብቻ አሉኝ። ሊሸኙኝ እስከ መንገዱ ወጡ።

«ምንሽሩ ምሰሶው ላይ ነው?»

«አዎ።»

«አታውርዱት። በደጅ የሚያልፍ ሰው እኔ ያለሁ ይምሰለው።»